ጃዝን ማዳመጥ ለሚሹ መምህራን
(በኬንያ ሞያሌ ለመምህራን ስብሰባ የተደረገ ንግግር)




 የመረጥሁት ርእስ ጃዝ የሚባለውን ሙዚቃ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከየትኛው ሸክላ ቢጀምር ይበጀዋል የሚል ነው። ይህ ርእስ ከመምህር ሥራ የራቀ፣ የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ማዳመጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ በጽሞና ማዳመጥን ያልለመደ መምህርም ተማሪውን ሊያዳምጥ አይችልም። ስለዚህ ዐሥር ሸክላዎችን በተራ እየጠቀስሁ፣ እያንዳንዱ ለጆሮአችን የሚሰጠውን ትምህርት ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የቃሉን ትርጉም ማጥራት ያስፈልጋል። «ጃዝ» የሚለው ስም ወደዚህች ወደ ድንበር ከተማችን የሚመጣው በሁለት መንገድ ነውና። ከደቡብ በኩል ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የጭፈራ ባንድን ነው። በኬንያ የዳንኤል ኦዊኖ ሚሲያኒ ሽራቲ ጃዝ፣ በታንዛንያ ምባራካ ምዊንሼሄ የተጫወተበት ሞሮጎሮ ጃዝ፣ በኮንጎም በ1956 የተመሠረተው የፍራንኮ ኦኬ ጃዝ ሁሉም ይህን ስም ይዘው ታውቀዋል። ሙዚቃቸው ግን ቤንጋ፣ ሩምባና የመሳሰለው በጊታር ላይ የተመሠረተ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ይህን የምናገረው እነርሱን ለማሳነስ አይደለም፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ በደስታው ቀን ሲጨፍርበት የኖረው በእነርሱ ነው። ከሰሜን በኩል ሲመጣ ደግሞ «ኢትዮ ጃዝ» ተብሎ ይመጣል፤ ይህም ከሁሉ በላይ ከሙላቱ አስታጥቄ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ተማሪ «ጃዝ ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቀን ሁለቱን ሳናደባልቅ ልንመልስለት ይገባናል።

ጃዝ በመጀመሪያ የበቀለው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ፣ በአሜሪካ ደቡብ ባለችው በኒው ኦርሊንስ ከተማ ነው። ያበቀሉትም ከባርነት የወጡት የአፍሪካውያን ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። በእርሻ ላይ አንዱ እያወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ የሚያዜሙት የሥራ ዜማ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩት መዝሙር፣ ብሉዝ የሚባለውም እንጉርጉሮ በዚያች ከተማ ከነሐስ መሣሪያዎች ማርሽ ጋር ተገናኝቶ አዲስ ሙዚቃ ሆነ።

ይህን ለመረዳት የሞያሌ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም። በቦረና አገር «ቱላ» የሚባሉትን ጥልቅ ጉድጓዶች ብዙዎቻችን እናውቃለን። በዱብሉክና በሌሎችም ስፍራዎች ጐልማሶች ከጉድጓዱ ታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ ውሃውን በመቅጃ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ለከብት ያወጣሉ። ይህንም ሲያደርጉ ያዜማሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዜማው የእጆቹን ምት ይጠብቃል። ጥያቄና መልስ፣ መሪና ተቀባይ፣ ልክን መጠበቅ፤ የጃዝም ሥር ይኸው ነው።

ሁለተኛው የጃዝ ባሕርይ በቦታው ማፍለቅ ነው። ሙዚቀኞቹ አስቀድመው አንድ የታወቀ ዜማ ይጫወታሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ በየተራው በዚያው ዜማ ልክና መሠረት ላይ ቆሞ፣ በወረቀት ያልተጻፈ አዲስ ዜማ ያፈልቃል። በመጨረሻም ሁሉም ወደ መነሻው ዜማ ይመለሳሉ። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች «ሁሉም እንደ ልቡ ይጮኻል» ሲሉ ይደመጣሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የቅኔ ቤትን ሥርዐት የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ነው፤ ልኩን ያፈረሰ ተማሪ ቅኔ ተቀኘ አይባልም። ነገር ግን የሌላውን ቅኔ በቃል አጥንቶ የሚያቀርብም እንዲሁ ተቀኘ አይባልም። ልኩ የአባቶች ነው፤ ቃሉ የተማሪው ነው። በጃዝም ብሉዝ የሚባለው ስልት ባር በሚባለው የሙዚቃ መስፈሪያ ብዙውን ጊዜ 12 ልክ አለው፤ ሙዚቀኛው በዚህ በ12ቱ ውስጥ የራሱን ቃል መናገር ይጠበቅበታል። ልክ የሌለው ነጻነትና ነጻነት የሌለው ልክ ሁለቱም ለዚህ ሙዚቃ ባዕድ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሸክላዎቹ ልምጣ። በሌሎች አገሮች የሚጻፉ መጻሕፍት ጀማሪውን ከአሜሪካ ያስነሡታል። እኔ ግን ከሚያውቀው ዜማ ተነሥቶ ወደማያውቀው ቢሄድ ይሻለዋል እላለሁ፤ ይህ የማስተማር ሁሉ ደንብ ነውና።

አንደኛ፣ በ1972 የወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው ሸክላ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 በጅማ ተወለደ። ወደ ብሪታንያ የተላከው የምሕንድስና ትምህርት እንዲማር ነበር፤ በዚያ ግን ልቡ ወደ ሙዚቃ አዘነበለ፤ በለንደን፣ ኋላም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በበርክሊ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ። በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚባሉትን ሁለት ሸክላዎች በአሜሪካ አሳተመ። የገጠመው ጥያቄ ከባድ ነበረ። የእኛ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በዐምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ የጃዝ ኅብረ ድምፅ ደግሞ ዐሥራ ሁለቱንም ድምፆች ይሠራባቸዋል። ዐምስቱን በዐሥራ ሁለቱ ላይ ስታስቀምጣቸው ጣዕማቸው እንዳይጠፋ ምን ይደረግ? የሙላቱ ዕድሜ ልክ ሥራ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። በዚህ ሸክላ ውስጥ «ኩሉን ማን ኳለሽ» የተባለው የሠርግ ዜማ ይገኛል። ጀማሪው ከእርሱ ይጀምር። ዜማውን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው፣ ምኑ እንደ ተለወጠና ምኑ እንዳልተለወጠ በራሱ ጆሮ ይፈርዳል።

ሁለተኛ፣ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ እትም አራተኛው ክፍል ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ይህን እትም በ1997 የጀመረ ሲሆን፣ አራተኛው ክፍል በ1998 ወጣ። ከ1969 እስከ 1974 የተቀዱትን የሙላቱን ሥራዎች የያዘ ነው። «የከርሞ ሰው» እና «የግሌ ትዝታ» የተባሉትን በተለይ አዳምጡ፤ በ2005 የወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ስለ ተጠቀመባቸው በዓለም ዙሪያ ታውቀዋል። እዚህ ላይ አድማጩ ቫይብራፎን የሚባለውን፣ በብረት ሰሌዳ ላይ በመዶሻ የሚመታውን መሣሪያ ለይቶ መስማት ይለማመድ።

ሦስተኛ፣ የጌታቸው መኩሪያ ሸክላ ነው፤ በመጀመሪያ በ1972 የወጣ ሲሆን፣ በ«ኢትዮፒክስ» 14ኛው ክፍል በ2003 እንደ ገና ታትሟል። ጌታቸው በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ የጀመረ የሳክስፎን ነፊ ነበረ፤ በ2016 ዐረፈ። ሥራውም ይህ ነው፤ ጀግና በጦር ሜዳ የሚያሰማውን ሽለላ ወስዶ በሳክስፎን ነፋው። ቃል የለም፤ ነገር ግን የፉከራው ቁጣ፣ ትንፋሽ መሳቡ፣ ድምፅ መንቀጥቀጡ ሁሉ አለ። የውጭ አገር ሰዎች ከአሜሪካ ደፋር ሙዚቀኞች ጋር ያነጻጽሩታል፤ እርሱ ግን የሽለላን መንገድ ያገኘው ከገዛ አገሩ ነው። ሽለላ ሰምቶ የሚያውቅ አድማጭ ይህን ሸክላ ሲሰማ፣ መሣሪያ እንደ ሰው ሊናገር መቻሉን ይረዳል። ይህን ከተረዳ የጃዝን ግማሽ ተረድቷል።

አራተኛ፣ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» ነው። ኦርጋኑ የሚመራው ይህ ሸክላ ለስላሳ ስለ ሆነ ለጀማሪ ይስማማል፤ ከውስጡ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ይበልጥ ታውቋል። የሰውየው ታሪክ ደግሞ ለብቻው ትምህርት ነው። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ከቀሩት አንዱ ኃይሉ ነበረ። በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ፣ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት በመኪናው ውስጥ ሆኖ ይለማመድ ነበር። በ1985 ያወጣው ሥራ በ2013 እንደ ገና ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጣ። የሚሰማው ሰው በሌለበት ዘመን ልምምዱን ያልተወ ሰው ነው።

ወደ አሜሪካ ከመሻገራችን በፊት በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት እንቆይ። ይህ ሙዚቃ ለእኛ የደረሰው በአጋጣሚ ነው ለማለት ይቻላል። በ1969 አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቋመ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዘመኑን ምርጥ ድምፆች አሳተመ። ከ1974 አብዮት በኋላ ግን የሰዓት እላፊ ዐዋጅ የሌሊቱን ሙዚቃ ዘጋው፤ አምሃም በ1975 ከአገር ወጣ። ሸክላዎቹ እንደ ገና እስኪታተሙ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። 

ከዚህም ሌላ ይህ ሙዚቃ የመምህራን ፍሬ መሆኑን ልናስተውል ይገባል። በ1924 አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ የነሐስ ሙዚቃ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበረ። ዘመዱ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ ጊዜ በማዘጋጃ ቤትና በቴአትር ቤት ባንዶች ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተማረ። በሸክላው ላይ የታተመው የተጫዋቹ ስም ነው፤ የመምህሩ ስም ግን ብዙ ጊዜ አይታተምም።

ዐምስተኛ፣ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው። በ1959 በኒው ዮርክ በሁለት ቀን ተቀዳ። ከጥሩምባው ነፊ ከማይልስ ጋር ጆን ኮልትሬን፣ ካኖንቦል አደርሊ፣ ቢል ኤቫንስ፣ ፖል ቻምበርስና ጂሚ ኮብ ተጫውተዋል፤ በአንደኛው ቁራጭ ፒያኖውን የመታው ዊንተን ኬሊ ነው። ከአሜሪካ ሸክላዎች ሁሉ አስቀድሜ ይህን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን ጃዝ በፍጥነት የሚለዋወጥ ኅብረ ድምፅ በዝቶበት ነበር፤ ማይልስ ግን ያንን ቀንሶ፣ በጥቂት የድምፅ መሰላሎች ላይ በሰፊው መቆምን መረጠ። ይህ ከእኛ ቅኝት አስተሳሰብ ጋር ይቀራረባል። በትዝታ ቅኝት ላይ ቆሞ ረዥም ሐሳብ የሚያወጣ ክራር መቺ ይህን ሙዚቃ ቢሰማው እንግዳ አይሆንበትም። «ሶ ዋት» በተባለው ቁራጭ መጀመሪያ ላይ ባሱ ይጠይቃል፤ ሌሎቹ በሁለት ድምፅ ይመልሳሉ። የጉድጓዱን አዝማችና ተቀባይ አስታውሱ።

ስድስተኛ፣ ያለ ቃል ሙዚቃ ለሚከብደው አድማጭ በ1956 የወጣውን «ኤላ ኤንድ ሉዊስ» እመክራለሁ። ኤላ ፊትዝጀራልድና ሉዊስ አርምስትሮንግ ይዘፍናሉ፤ የእርሷ ድምፅ እንደ ጠራ ውሃ ነው፤ የእርሱ እንደ ጠጠር መንገድ ሻካራ ነው። ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎች አንዱ አንዱን ሳያሸንፍ አብረው እንዴት እንደሚናገሩ ያስተምራል።

ሰባተኛ፣ ሉዊስ አርምስትሮንግ ከ1925 እስከ 1928 «ሆት ፋይቭ» እና «ሆት ሴቨን» በሚባሉት ባንዶች የቀዳቸው ናቸው። የቀረጻው ጥራት የዚያ ዘመን ስለ ሆነ ለመጀመሪያ ጆሮ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ አቆየሁት። ነገር ግን አንድ ሙዚቀኛ ከባንዱ መካከል ወጥቶ ብቻውን ረዥም ንግግር ማድረግን ዓለም የተማረው ከዚህ ነው። በ1928 በተቀዳው «ዌስት ኤንድ ብሉዝ» መግቢያ ላይ ጥሩምባውን ብቻውን ሲነፋ ስሙት። ይህ ሰው በ1960 በአፍሪካ ባደረገው ጉዞ ኬንያንም ጎብኝቷል።

ስምንተኛ፣ «ኤሊንግተን አት ኒውፖርት» ነው። ዱክ ኤሊንግተን ባንዱን ሁሉ እንደ አንድ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ነበረ። በ1956 በኒውፖርት በተደረገው በዓል ላይ የሳክስፎን ነፊው ፖል ጎንሳልቭስ በአንድ የብሉዝ ልክ ላይ 27 ጊዜ እየተመላለሰ ነፋ፤ ሕዝቡም ከመቀመጫው ተነሣ። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ተቀብሏል፤ ሙላቱም በዚያ ጊዜ ከእርሱ ጋር ሠርቷል። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ከተማ ተገናኙ።

ዘጠነኛ፣ የደቡብ አፍሪካው ዶላር ብራንድ፣ በኋላ ስሙ አብዱላህ ኢብራሂም፣ በ1974 ያወጣው «ማነንበርግ» ነው። በኬፕ ታውን አቅራቢያ ክልሶች ከቤታቸው ተነቅለው የሰፈሩበትን ሰፈር ስም የያዘ ነው። ቃል ሳይኖረው የዘር መድልዎን ለሚቃወሙ ሰዎች መዝሙር ሆነ። ሙዚቃ ያለ መፈክር እንዴት ለሕዝብ እንደሚቆም ከዚህ ይታያል።

ዐሥረኛና የመጨረሻው በ1964 ተቀድቶ በ1965 የወጣው የጆን ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ነው። አራት ክፍል አለው። ኮልትሬን ለፈጣሪው ያቀረበው ምስጋና ነው፤ በአራተኛው ክፍል ራሱ የጻፈውን ጸሎት አፉን ከፍቶ ሳይናገር፣ ቃል በቃል በሳክስፎኑ ያነበዋል። ከባድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አይገባም። ነገር ግን በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር የሰማ፣ ወይም በመንዙማ ልቡ የተነካ ሰው የዚህን ሸክላ መንፈስ ለማግኘት ይቀርበዋል። «ጃዝ የመጠጥ ቤት ሙዚቃ ነው፤ ለትምህርት ቤት አይገባም» ለሚሉትም መልሱ ይህ ነው። ድኻ የሆነ ሕዝብ እንዲጫወት የተፈቀደለት በመጠጥ ቤት ስለ ነበረ በዚያ ተጫወተ፤ ጸሎቱን ግን ከዚያ ውስጥ ይዞ ወጣ።

ስለ አደማመጡ ሦስት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ አንድ ሸክላ ለአንድ ሳምንት ይበቃል፤ ዐሥሩን በአንድ ቀን የሰማ ምንም አልሰማም። ሁለተኛ፣ ዛሬ ከእነዚህ ብዙዎቹ በስልክ ስለሚገኙ የሸክላ ማጫወቻ መፈለግ ግድ አይደለም፤ ነገር ግን የስልክ ድምፅ ማጉያ ባሱን ስለሚውጠው በማዳመጫ ወይም በሌላ ድምፅ ማጉያ ስሙ። ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ዜማውን ያዙ፤ ቀጥሎ አንድ መሣሪያ ብቻ መርጣችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከተሉት፤ በማግሥቱ ሌላውን ተከተሉ።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ይህን ሁሉ የተናገርሁት ለጆሮ ደስታ ብቻ አይደለም። በማሠልጠኛ ቤት እንዳየሁት ሠልጣኞቻችን የተጻፈ መዝሙር ያለ ስሕተት ያስተምራሉ። «በዚሁ ዜማ የራስህን አንድ ስንኝ ጨምር» ሲባሉ ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ልጆቻችንን ለትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ውድድር ስናዘጋጅም በቃል ማስጠናት ይበዛል፤ ማፍለቅ ያንሳል። በዚያው ከተማ ግን ኤላ አጠገብ የሚያድገው እረኛ በየቀኑ ሲያፈልቅ ይውላል። ትምህርት ቤት ገብቶ ይህን ስጦታ የሚያጣ ከሆነ በደሉ የእኛ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር በየትምህርት ቤቱ ቢጀመር እወዳለሁ። አንደኛው፣ በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ልጆች የሚያውቁትን አንድ ዜማ ይዘው፣ አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ፣ እያንዳንዱ በየተራው የራሱን ስንኝ እንዲጨምር ይደረግ። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ልኩን ያፈረሰ ይታረማል፤ የጓደኛውን የደገመ «የራስህን አምጣ» ይባላል። ሁለተኛው፣ የቦረና፣ የገብራ፣ የቡርጂ፣ የገሪና የሌሎችም ሽማግሎች ዜማ በፈቃዳቸው በስልክ ተቀድቶ በትምህርት ቤት ይቀመጥ። የአዲስ አበባ ሸክላዎች ከሃያ ዓመት በኋላ የተገኙት የታተሙ ስለ ነበሩ ነው፤ ሳይቀዳ የሞተ ዜማ ግን የሚፈለግበት ሣጥን የለውም።

ጃዝን የወለዱት ሰዎች ቅድመ አያቶች ከአገራቸው ሲጋዙ ምንም ንብረት አልያዙም፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው የሚቀበልበትን ሥርዐት ግን አልረሱትም። ያ ሥርዐት ዛሬም በደጃችን አለ። የመምህር ፋንታ እርሱን መስማትና ለልጆቹ ተራ መስጠት ነው።